በየወሩ ከካርድ የሚቆረጥን ያልተፈለገ ክፍያ ማስቆም፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሻላል?

ብዙዎቻችን የለመድነው ክፍያ እኛው ይዘን የምንሄደው ነው። የመብራት ቆጣሪው ሲያልቅ ካርዱን እንሞላለን፤ ዲኤስቲቪው ካልተከፈለ ይዘጋል፤ የኢንተርኔት ጥቅሉ ሲያልቅ ይቆማል። «ካልከፈልኩ ይቋረጣል» የሚለው ግምት ከዚህ ልማድ የመጣ ነው። በካርድ የሚከፈል ሰብስክሪፕሽን (በየወሩ ወይም በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ የአገልግሎት ክፍያ) ግን በተቃራኒው ይሠራል። እርስዎ አንድ ጊዜ ፈቅደዋልና ተቀባዩ በየወሩ ራሱ መጥቶ ይወስዳል። እዚያ ዝምታ «ይቁም» ሳይሆን «ይቀጥል» ማለት ነው።

ችግሩ ከከተማው ዳር ለሚኖር ሰው ይበልጥ ይከብዳል። የቱሉ ዲምቱ፣ የኮዬ ፈጬ፣ የቦሌ አራብሳ ወይም የለገጣፎ ነዋሪ በሰፈሩ የባንክ ቅርንጫፍ አያጣም። የዓለም አቀፍ ካርድ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ አያልቅም፤ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የካርድ ክፍል ይመራል። የብዙዎቹ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ሰንጋ ተራና ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ነው። ለ10 ዶላር ብሎ ግማሽ ቀን ማቃጠል፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት መክፈልና ወረፋ መጠበቅ ስለሚያታክት ሰው «ይሁን፣ ሌላ ቀን» ብሎ ይተወዋል። ዓመት ሙሉ የሚቆረጠው እንዲህ የተተወው ክፍያ ነው።

የተተወው ክፍያም ቀላል አይደለም። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር በወር 10 ዶላር ማለት 570 ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው 10 ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አገልግሎቱ ዋጋ ሳይጨምር እርስዎ ላይ ጨምሯል ማለት ነው። በሌላ በኩል ያው ማሻሻያ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ወይም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈላቸው ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ከፍተው ለውጭ አገልግሎት እንዲከፍሉ ስለፈቀደ፣ ዓለም አቀፍ ካርድ የሚይዘው ሰው በዝቷል። በብር ሂሳብ ላይ የተሰጠ፣ አገር ውስጥ ብቻ የሚሠራ የኤቲኤም ካርድ ያለው ሰው ከዚህ ሥጋት ነጻ ነው፤ የውጭ ድርጅት ሊቆርጥበት አይችልም። እሱን የሚመለከተው መጨረሻ ላይ ያለው የስልክ ሂሳብ ክፍል ነው።

የምንመዝንባቸው ነጥቦች

ክፍያን የማስቆሚያ መንገዶች ሁሉ «ይቆማል» ይላሉ፤ የሚያቆሙት ግን የተለያየ ነገር ነው። እያንዳንዱን በአምስት ጥያቄ እንመዝነዋለን።

1. ውሉን ያፈርሳል ወይስ የገንዘቡን መተላለፊያ ብቻ ይዘጋል? ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ውሉ ካልፈረሰ ዕዳው በስምዎ ሊቆጠር፣ ካርዱ ገንዘብ ሲገባበት እንደገና ሊቆረጥ ይችላል።
2. የተቆረጠውን ገንዘብ ያስመልሳል?
3. ከየት ሆኖ ይሠራል? ከቤት በስልክ፣ ከሰፈር ቅርንጫፍ ወይስ መሀል ከተማ ድረስ ሄዶ?
4. ምን ያህል ይፈጥናል? ለእድሳቱ ሁለት ቀን የቀረው ሰውና ሃያ ቀን የቀረው ሰው አንድ ምክር አይበቃቸውም።
5. ምን አብሮ ያበላሻል? በዚያው ካርድ የሚከፈል የሥራ መሣሪያ፣ የድረ ገጽ ስም ወይም የኢሜይል አገልግሎት ካለ ካርዱን መዝጋት ሁሉንም ይዞ ይወድቃል።

ከሁሉ በፊት ማን እየቆረጠ እንደሆነ ይለዩ

በስቴትመንት (ባንኩ በሚሰጠው የሂሳብ መግለጫ) ላይ የሚወጣው ስም ብዙ ጊዜ እርስዎ የሚያውቁት የአፑ ስም አይደለም። «አፕል ዶት ኮም ስላሽ ቢል» የሚል ከሆነ ክፍያው ያለፈው በአፕል በኩል ነው፤ ስለዚህ የአፑን ድርጅት መለመን ዋጋ የለውም፣ የሚሰረዘው አፕል ላይ ነው። በ«ጉግል» ጀምሮ ኮከብ ምልክትና የአፕ ስም ካስከተለ በፕሌይ ስቶር በኩል ነው። በ«ፔይፓል» ከጀመረ በዚህ የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት ውስጥ የተሰጠ ቋሚ ፈቃድ አለ። ከእነዚህ ውጪ ከሆነ በቀጥታ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ የገባ ካርድ ነው።

ስሙ ጨርሶ የማይታወቅ ከሆነ መጠኑንና ቀኑን ይያዙና በኢሜይልዎ ውስጥ መጠኑን በቁጥር ይፈልጉ፤ ደረሰኙ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ። ሁለት ሦስት ኢሜይል ያለው ሰው ሁሉንም ይፈትሽ። በድሮ ኢሜይል የተከፈተ አካውንት ከዚህ ዓይነት ክፍያ ዋና መደበቂያዎች አንዱ ነው።

«ባንኩ ኮድ ሳይልክልኝ እንዴት ተቆረጠ?» የሚለው ጥያቄም ተደጋግሞ ይነሳል። የማረጋገጫ ኮድ የሚጠየቀው በመጀመሪያው ክፍያ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ድርጅቱ ራሱ በተሰጠው ፈቃድ ስለሚያስነሳቸው ኮድ አይጠየቅባቸውም። ኮድ አለመምጣቱ ብቻውን ካርዱ ተሰርቋል አያሰኝም።

መንገድ 1፦ ከምንጩ መሰረዝ

የካርድ ክፍያን ውል የሚያፈርሰው ይህ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የካርድ መንገዶች የዚህ ደጋፊዎች ናቸው። ከቤት ሆኖ፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

በአይፎን፦ ሴቲንግስ ይክፈቱ፣ ከላይ ያለውን ስምዎን ይንኩ፣ ሰብስክሪፕሽንስ ውስጥ ይግቡ፣ የሚፈልጉትን መርጠው ካንስል ያድርጉ። አፕል ከእድሳቱ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ እንዲሰረዝ ይጠይቃል። በአንድሮይድ፦ ፕሌይ ስቶርን ከፍተው ከላይ በቀኝ ያለውን የመገለጫ ምስል ይንኩ፣ ፔይመንትስ ኤንድ ሰብስክሪፕሽንስ፣ ከዚያ ሰብስክሪፕሽንስ፣ ከዚያ ካንስል። ስልኩ ላይ ከአንድ በላይ የጉግል አካውንት ካለ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ሊያሳስትዎ ይችላል፤ አካውንቱን እየቀያየሩ ይዩ።

አፑን ከስልክ ማጥፋት ሰብስክሪፕሽኑን አያጠፋም። ይህን ሳያውቁ ስንቱ ሰው «አጥፍቼዋለሁ እኮ» እያለ ለወራት ይከፍላል። ስልኩ ቢሰበር፣ ቢሸጥ ወይም ቢሰረቅም ክፍያው ይቀጥላል፤ የተያያዘው ከአካውንቱ እንጂ ከቀፎው አይደለም።

በቀጥታ በድርጅቱ ድረ ገጽ የተከፈተ ከሆነ «አካውንት» ወይም «ቢሊንግ» የሚለው ውስጥ ይገኛል፤ ሥራው ግን እዚህ ይበዛል። መሰረዣው ሦስትና አራት ገጽ ሊያዞርዎ፣ መሀል ላይ ቅናሽ ሊያቀርብልዎ ወይም በካንስል ፈንታ «ፓውዝ» የሚለውን በደማቅ ቀለም ሊያስቀምጥልዎ ይችላል። ፓውዝ ማለት ጊዜው ሲደርስ ክፍያው ይመለሳል ማለት ነው። የመጨረሻውን ማረጋገጫ ሳይጫኑ ገጹን ከዘጉት ምንም አልተሰረዘም። ሁለት ነገር ሳያዩ አይውጡ፦ አገልግሎቱ የሚያበቃበትን ቀን የሚገልጽ ጽሑፍና የመሰረዣ ማረጋገጫ ኢሜይል። የመጀመሪያውን ስክሪንሾት ያንሱ፤ ሁለተኛውን አያጥፉ። በኋላ ባንክ ቢሄዱ የሚጠየቁት ይህንን ነው።

የመብራትና የኔትወርክ ነገር በሚያስቸግርበት ሰፈር ስረዛውን ለመጨረሻው ሌሊት ማቆየት አያዋጣም። የጊዜ ልዩነቱም አለ። የድርጅቱ ሰዓት በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚቆጠር ከሆነ የእነሱ እኩለ ሌሊት የእኛ ጠዋት 5 ሰዓት ነው፣ በእነሱ በጋ ደግሞ 4 ሰዓት፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከሆነ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያልቃል። የቀን አቆጣጠሩ ከዚህም ይብሳል። መስከረም 1 ቀን 2018 የተጀመረ ወርኃዊ ክፍያ በፈረንጆቹ መስከረም 11 ላይ ስለሚቆጠር ቀጥሎ የሚቆረጠው ጥቅምት 1፣ ከዚያ ኅዳር 2፣ ታኅሣሥ 2፣ ከዚያ ጥር 3 ነው። «ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን» ብሎ በእኛ አቆጣጠር የያዘ ሰው እየተንሸራተተ ይሄድበታል። ማስታወሻውን በስልኩ ካላንደር በፈረንጅ ቀን፣ ሦስት ቀን አስቀድሞ እንዲያስታውስ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

ነጻ ሙከራ ከሆነ የተሻለው በጀመሩበት ቀን መሰረዝ ነው። በአብዛኛው እስከ ሙከራው ማብቂያ ድረስ መጠቀም ይቻላል። አንዳንዱ፣ በተለይ የአፕል የራሱ አገልግሎት፣ ወዲያው ሊዘጋ ስለሚችል ከመጫንዎ በፊት የሚለውን ያንብቡ።

ዓመታዊ ውል ግን ለብቻው መታየት አለበት። «ዓመታዊ፣ በየወሩ የሚከፈል» የሚል ውል ወርኃዊ ይመስላል፤ አይደለም። በታወቀው ምሳሌ የዲዛይን ሶፍትዌር ሠሪው አዶቢ ከመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በኋላ ይህን ዓይነት ውል ለሚያፈርስ ደንበኛ የቀሪውን ጊዜ ክፍያ ግማሽ ያስከፍል ነበር፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ክፍያው በግልጽ አልተነገረም ብሎ በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ኩባንያው እንዲከሰስ አድርጓል። ዲዛይን ለሚሠሩ ልጆች ይህ እውነተኛ ገንዘብ ነው። ሲመዘገቡ ከዋጋው በታች በትንሹ የተጻፈችውን መስመር ማንበብ ግድ ነው።

ገንዘብ ማስመለስን በተመለከተ፣ በፕሌይ ስቶር የተከፈለ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ጉግልን በቀጥታ ይጠይቁ፤ ከዚያ ካለፈ ወደ አፑ ሠሪ ይመራዎታል። አፕል ሪፈንድ የሚቀበለው «ሪፖርት ኤ ፕሮብለም ዶት አፕል ዶት ኮም» በሚለው ገጹ ነው። ሁለቱም ሊከለክሉ ይችላሉ። ፈጥኖ የጠየቀና አገልግሎቱን ያልተጠቀመ ሰው ግን የተሻለ ዕድል አለው።

መንገድ 2፦ ካርዱን ማሳገድ ወይም መቀየር

ሰው ሲናደድ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚህ ነው። በባንኩ አፕ ወይም በጥሪ ማዕከል (ለምሳሌ የንግድ ባንክ 951) ካርድ በደቂቃዎች ሊታገድ ይችላል። ካርዱ ከተሰረቀ ትክክለኛው እርምጃ ይህ ነው። ሰብስክሪፕሽን ለማስቆም ግን ደካማ መንገድ ነው፤ ምክንያቱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ውሉ አለመፍረሱ ነው። ሁለተኛ፣ ቪዛም ማስተርካርድም የተቀየረ የካርድ ቁጥርን ለድርጅቶች በራሱ የሚያሳውቅ አገልግሎት አላቸው። ካርዱን የሰጠው ባንክ በዚህ ከተመዘገበ አዲሱ ካርድ እጅዎ ሳይገባ ድርጅቱ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። «የካርዱ ጊዜ ሲያልፍ በራሱ ይቆማል» ብሎ መጠበቅም በዚሁ ምክንያት አያስተማምንም። ሦስተኛ፣ አንዳንድ ባንክ በአፕ የሚደረገውን ጊዜያዊ እገዳ ለአዲስ ግዢ ብቻ ይሠራበትና ቀድሞ የተፈቀደውን ያሳልፋል።

ስለዚህ ወደ ባንኩ ሲደውሉ ጥያቄው «ካርዴን ዝጉልኝ» አይሁን። «የዚህን ድርጅት ተደጋጋሚ ክፍያ ብቻ ማስቆም ትችላላችሁ?» ብለው ይጀምሩ፤ በካርድ ድርጅቶቹ በኩል እንዲህ ያለ አገልግሎት አለ፣ የእርስዎ ባንክ ይጠቀምበት አይጠቀምበት የሚያውቀው የካርድ ክፍሉ ነው። አልቻሉም እንበል፤ ቁጥሩ እንዲቀየርና አዲሱ ለድርጅቶች እንዳይተላለፍ በጽሑፍ ይጠይቁ። የካርድ መተኪያ ክፍያና ጥቂት ቀናት መጠበቅ ይኖራል። በዚያው ካርድ የድረ ገጽ ስም የሚያሳድስ ነጋዴ አዲሱ እስኪመጣ ስሙ ጊዜው እንዳያልፍበት አስቀድሞ ያሳድሰው።

መንገድ 3፦ ልክ ያለው ካርድ

ቅድመ ክፍያ ካርድ (አስቀድመው የሞሉትን ያህል ብቻ የሚከፍል) ወይም ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚውል ቨርቿል ካርድ (ቁጥሩ ብቻ ያለ፣ በእጅ የማይያዝ) ነው። ዕውነተኛ ጥቅሙ ያለፈውን ማስመለሱ አይደለም፤ የሚመጣውን መወሰኑ ነው። ካርዱ ላይ 12 ዶላር ብቻ ካለ 60 ዶላር የሚጠይቅ ዓመታዊ እድሳት አያልፍም።

ጉድለቱም መታወቅ አለበት። ያልተሳካ ክፍያ አንዴ ሞክሮ አይተውም። ቪዛ አንድ የተከለከለ ክፍያ በ30 ቀን ውስጥ እስከ 15 ጊዜ እንዲሞከር ስለሚፈቅድ፣ ለሌላ ጉዳይ ብለው ገንዘብ በሞሉበት ሰዓት የቆየው ሙከራ ቀድሞ ሊወስደው ይችላል። አንዳንድ የቨርቿል ካርድ አቅራቢ ደግሞ ለእያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ ያስከፍላል፣ ሲደጋገምም ካርዱን ይዘጋል። ባዶ ካርድ ዘላቂ መፍትሔ የሚሆነው መንገድ 1 አብሮት ሲሠራ ነው።

በቴሌግራም ስለሚሸጡት ቨርቿል ካርዶች በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ብር ተቀብለው የዶላር ካርድ ቁጥር የሚልኩ ሰዎች አሉ፤ ካርዱ በእርስዎ ስም አይደለም፣ አድራሻውም የሌላ አገር ነው። አላግባብ ቢቆረጥ ለባንክ ቅሬታ የማቅረብ መብት ያለው የካርዱ ባለቤት ነው፤ እሱ ደግሞ እርስዎ አይደሉም። ሻጩ ቻናሉን ከዘጋ ቀሪው ገንዘብም አብሮ ይሄዳል። ርካሽ ቢመስልም አንመክረውም።

መንገድ 4፦ በባንክ በኩል ክፍያውን መቃወም

ቻርጅባክ የሚባለው ነው። ከሰረዙ በኋላ ለተቆረጠ ገንዘብ ጠንካራው መሣሪያ ይህ ነው። ቪዛ «የተሰረዘ ተደጋጋሚ ክፍያ» የሚል የራሱ የቅሬታ ምድብ አለው፤ ቁጥሩ 13.2 ነው። ገደቡ ክፍያው ከተመዘገበበት ቀን 120 ቀን ነው። ባንኩ ሰነድ አሰባስቦ ለማስተላለፍ የራሱ ጊዜ ስለሚያስፈልገው ግን ባዩት ሳምንት ማመልከት ይበጃል።

የሚሳካው መቼ ነው? የስረዛ ማረጋገጫ ሲኖር፣ የተቆረጠበት ቀን ከስረዛው በኋላ ሲሆንና ድርጅቱን ጠይቀው እንቢ ማለቱን ወይም አለመመለሱን ሲያሳዩ። ነጻ ሙከራን በተመለከተ ቪዛ ከሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድርጅቶች የደንበኛውን ግልጽ ፈቃድ እንዲይዙ፣ ክፍያው ከመጀመሩ ቢያንስ 7 ቀን ቀድመው እንዲያሳውቁና በኢንተርኔት ቀላል መሰረዣ እንዲያቀርቡ አዟል። ማሳሰቢያ ካልደረሰዎት በማመልከቻው ላይ ይጻፉት።

የማይሳካው «ረሳሁት» ሲሉ ነው። ሳይሰርዙ ቆይተው ለሚቆረጥ ገንዘብ ውሉ ድርጅቱን ይደግፋል። «እኔ አይደለሁም፣ ካርዴን ሰርቀውኝ ነው» ብሎ መዋሸት ደግሞ በመረጃ ይሸነፋል። ድርጅቱ አካውንቱ የተከፈተበትን ኢሜይል፣ የገባበትን መሣሪያና የአጠቃቀም ታሪክ ያቀርባል። ቻርጅባክ የተደረገበት ድርጅት አካውንትዎን ሊዘጋ እንደሚችልም ያስቡ፤ በጉግል ወይም በአፕል አካውንት ላይ ፎቶና ሰነድ ያለው ሰው መጀመሪያ ሪፈንድ መጠየቁ ይሻለዋል።

ጉዞን ለመቆጠብ ሰነዱን ሙሉ አድርጎ መሄድ ነው መፍትሔው። ማመልከቻ፣ የሚመለከተው መስመር የተሰመረበት ስቴትመንት፣ የስረዛ ኢሜይልና ስክሪንሾት ታትመው፣ መታወቂያ። በሰፈርዎ ቅርንጫፍ ያስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። ቅርንጫፉ «እኛ ጋ አይደለም» ቢል በውስጥ ኢሜይል ለካርድ ክፍሉ እንዲያስተላልፍ ይጠይቁ። የብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ባንኮች ቅሬታ የሚቀበሉበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል።

መንገድ 5፦ ከስልክ ሂሳብ የሚቆረጠውን ማስቆም

ካርድ የሌለውን ሰው፣ በተለይ እናት አባቶቻችንን፣ የሚጎዳው ይህ ነው። በአጭር ቁጥር የሚላክ የጤና ምክር፣ የስፖርት ዜና፣ የጥያቄና መልስ ውድድር በየቀኑ ሂሳብ ይቆርጣል። በቀን 2 ብር ቢሆን በወር 60፣ በዓመት 730 ብር ነው። ለማቋረጥ «ስቶፕ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ መልእክቱ ወደመጣበት አጭር ቁጥር መላክ ነው፤ የማረጋገጫ መልስ ካልመጣ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለው በቁጥሩ ላይ ያሉ አገልግሎቶች ሁሉ ተነግረውዎት እንዲሰረዙ ይጠይቁ።

መቆሙን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ማታ ዳታ አጥፍተው በ*804# ቀሪ ሂሳብ ያዩና ይመዝግቡ፤ ጠዋት ሳይደውሉ እንደገና ይዩ። ከቀነሰ ያልተሰረዘ አገልግሎት አለ። ዳታውን ማጥፋት ግዴታ ነው፤ ጥቅል ካለቀ ዳታው ራሱ ሂሳቡን ስለሚበላ ውጤቱን ያዛባል። ጥቅል ሲገዙ «በራሱ ይታደስ» የሚል ምርጫ ካለም አስበው ይምረጡት።

በአጭሩ

| መንገድ | ውሉን ያፈርሳል? | ገንዘብ ያስመልሳል? | ከየት ይሠራል? | ፍጥነት | ምን ያበላሻል? |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. ከምንጩ መሰረዝ | አዎ | አልፎ አልፎ፣ ፈጥኖ ለጠየቀ | ከቤት | ደቂቃዎች | ምንም፣ ከዓመታዊ ውል በቀር |
| 2. ካርድ ማገድ/መቀየር | አይደለም | አያስመልስም | በስልክ፤ መተኪያው በቅርንጫፍ | እገዳው ደቂቃ፣ መተኪያው ቀናት | በካርዱ የሚከፈለውን ሁሉ |
| 3. ልክ ያለው ካርድ | አይደለም | አያስመልስም | ከቤት ወይም ከቅርንጫፍ | አስቀድሞ መዘጋጀት ይፈልጋል | ያልተሳካ ሙከራ ክፍያ ሊኖር ይችላል |
| 4. ቻርጅባክ | አይደለም | አዎ፣ ማስረጃ ካለ | ቅርንጫፍ፣ አንዳንዴ ዋና መሥሪያ ቤት | ሳምንታት እስከ ወራት | አካውንት ሊዘጋ ይችላል |
| 5. አጭር ቁጥር ማቋረጥ | አዎ | እምብዛም | ከቤት | ያው ቀን | ምንም |

ለማን የትኛው?

በቤቱ ሆኖ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ሰው ሁለት ካርድ ይያዝ፤ አንዱ መቅረት ለሌለባቸው የሥራ መሣሪያዎች፣ ሌላው ጥቂት ገንዘብ ብቻ ያለበት ለሙከራ። ነጻ ሙከራ በመጀመሪያው ካርድ በፍጹም አይጀመር። ሁለተኛ ካርድ ለማውጣት አቅም የማይፈቅድለት መንገድ 1ን በጀመረበት ቀን ይፈጽም፤ ወጪ የለውም።

ለእድሳቱ ከሁለት ቀን በታች የቀረው መጀመሪያ ይሰርዝ፣ መሰረዙ እንቢ ካለ ለድርጅቱ «ሰርዣለሁ» ብሎ ኢሜይል ይጻፍ፣ ከዚያ ካርዱን ለጊዜው ያግድ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ ኢሜይሉ በኋላ ለመንገድ 4 ማስረጃ ይሆነዋል።

ልጆች በስልኩ የሚጫወቱበት ወላጅ በፕሌይ ስቶር ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠየቅ ያድርግ፤ በአይፎን ደግሞ ስክሪን ታይም ውስጥ የአፕ ውስጥ ግዢን ይከልክል። የይለፍ ቃሉን ልጁ እንዳያውቀው።

በአሜሪካ ያለ እኅት ወይም ወንድም ካርድ የሚጠቀም ሰው መብቱ የእነሱ መሆኑን ይወቅ። ሂሳቡ የባንክ ደቢት ከሆነ ባለቤቱ ከክፍያው ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድሞ ባንኩን በማሳወቅ ተደጋጋሚ ክፍያን ማስቆም ይችላል፤ ክሬዲት ካርድ ከሆነ ስሕተቱ የወጣበት ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም አለበት። ስለዚህ እዚህ ያለው ሰው ያየውን ዕለቱን ይንገራቸው። በይሉኝታ ማቆየት ጊዜውን ያሳልፍባቸዋል። በእነሱ ፔይፓል ከሆነ ደግሞ በቅንብሩ ውስጥ ፔይመንትስ፣ ከዚያ አውቶማቲክ ፔይመንትስ ገብተው እንዲሰርዙት ይጠይቋቸው።

ትንሽ ድርጅት ያለው ነጋዴ ሰብስክሪፕሽኖቹን በሙሉ በአንድ ወረቀት ይመዝግብ፦ ስም፣ የተከፈተበት ኢሜይል፣ ካርዱ፣ የሚታደስበት የፈረንጅ ቀን፣ መጠን። ሠራተኛ ሲለቅ በእሱ ኢሜይል የተከፈተ አካውንት ካለ ሳይሄድ ይረከበው፤ ከሄደ በኋላ ለመሰረዝ እንኳ መግባት አይቻልም።

የማመልከቻ ናሙና

ለ________ ባንክ፣ ________ ቅርንጫፍ
ጉዳዩ፦ ከተሰረዘ በኋላ የተቆረጠ ተደጋጋሚ ክፍያ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

የመጨረሻ አራት ቁጥሩ ____ በሆነው ካርዴ ________ ለተባለ ድርጅት በየወሩ ይከፈል የነበረውን ክፍያ በቀን ____ ሰርዣለሁ። ሆኖም በቀን ____ መጠኑ ____ ዶላር ያለፈቃዴ ተቆርጧል። ድርጅቱን በቀን ____ በጽሑፍ ጠይቄ ገንዘቡን አልመለሰልኝም። ባንኩ በካርድ ድርጅቱ ደንብ መሠረት በተሰረዘ ተደጋጋሚ ክፍያ ምድብ ቅሬታዬን እንዲያቀርብልኝ፣ ከዚህ በኋላ ይህ ድርጅት እንዳይቆርጥ እንዲያግድልኝ፣ ካርዱ ከተቀየረም አዲሱ ቁጥር ለድርጅቱ እንዳይተላለፍ እጠይቃለሁ። የስረዛ ማረጋገጫ፣ ስቴትመንትና ከድርጅቱ ጋር የተጻጻፍኩት ____ ገጽ ተያይዟል።

ስም፣ ፊርማ፣ ቀን፣ ስልክ